በደብተሩ ላይ «ሌላ» ያልኩት ወጪ

ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። የነሐሴ ደመወዝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ቀጣዩ መስከረም ሲያልቅ ነው። በመሃል 35 ቀን አለ፤ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 36። የዓመቱ ከባድ ወጪ ሁሉ ተጠራርቶ የሚመጣው በእነዚህ ቀናት ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ የልጆች ልብስ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ።

የ2016 ጳጉሜን ደግሞ ከሁሉም ከበደችን። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እኔ በሕይወቴ ዶላር ገዝቼ አላውቅም። ዘይት ግን እገዛለሁ። መድኃኒት እገዛለሁ። የሰፈራችን ባለሱቅ ዋጋ ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት ትቶ ነበር፤ እሱንም ጨንቆታል።

ጳጉሜን 2 ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እኔና ባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብለን የቀረንን ቆጠርን። መስከረም 10 አያደርስም። ሁለታችንም ደመወዝተኛ ነን። መኪና የለንም፣ መጠጥ አንወድም። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? እርስ በርስ ለመጠራጠር ትንሽ ነበር የቀረን። ከልጄ አሮጌ የሒሳብ ደብተር ጀርባ ያልተጻፈበት ገጽ ፈልጌ በማስመሪያ አሰመርኩ። ቤት ኪራይ። ቀለብ። ትራንስፖርት። ትምህርት ቤት። መብራትና ውኃ። ዕቁብና ዕድር። የትም የማይገባውን ማስገቢያ የመጨረሻውን «ሌላ» አልኩት።

ብር በወጣ ቁጥር ስልካችን ላይ የሚገባውን መልእክት እያነበብን የሦስት ወሩን አንድ በአንድ ሞላን። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ደመርኩ። «ሌላ» ቀለብን በልጦታል።

ባለቤቴ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና «እስቲ እንደገና ደምሪው» አለኝ። ደመርኩት። ያው ነው።

ይህን የምጽፈው ከዚያች ማታ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የተማርነው አብዛኛው ስለ ምግብ አይደለም። ግን እኛም እንደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሮጥነው ወደ ማዕድ ቤት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ሰው ወጪ ልቀንስ ሲል ከአፉ ነው የሚጀምረው። ሥጋ በወር አንዴ አልን። ቅቤ ለበዓል አልን። እዚህ ላይ የአገራችን ማዕድ ቤት ራሱ አገዘኝ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ቤተሰብን ማጥገብ እናቶቻችን ሲያውቁት የኖሩት ጥበብ ነው። እኔ ግን ከባልትና ሱቅ በፌስታል የታሰረ ሽሮ እየገዛሁ፣ ዘይቱን እያፈሰስኩ፣ ያን ጥበብ ከእጄ ጥዬው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ሄጄ ሽንኩርት ስታቁላላ አጠገቧ ቆምኩ። ልጅ ሆኜ ስንቴ አይቻታለሁ፤ ልብ ብዬ ግን አላየኋትም። ሽንኩርቱን አድቅቃ ትከትፍና ባዶ ድስት ውስጥ ትጨምረዋለች። ዘይት የለም። እሳቱን ትቀንሳለች። ሽንኩርቱ የራሱን ውኃ ያወጣል። በዚያው ውኃ ይበስላል። ውኃው መጥጦ ድስቱን ሊይዝ ሲል በጭልፋ ጫፍ ጠብታ ውኃ ጣል ታደርግበትና ታማስለዋለች። እንደገና ሊይዝ ሲል እንደገና። ሽንኩርቱ ቀላ ብሎ፣ ሽታው ተለውጦ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዘይቱ የሚመጣው፤ ያውም በማንኪያ ተለክቶ። ከዚያ በርበሬው። እኔ ለዓመታት ዘይቱን አስቀድሜ ከጠርሙሱ ስቀዳ ኖሬያለሁ።

«እማዬ፣ እንደዚህ ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ራሽን» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ስኳርም ዘይትም ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር የሚገኘው፤ ቤተሰብ ተቆጥሮ። እናቴ ያን ጊዜ ስታወራ ምሬትም ናፍቆትም የላትም። የሆነውን ነው የምትናገረው። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ጨመረች። «ችግሩ ችግር ነበር። ብቻ አያሳፍርም ነበር። ጎረቤትም ያው፣ ዘመድም ያው። አሁን እኮ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚቸገረው።»

ይህ ንግግሯ ብዙ ጊዜ ውስጤ ቆየ።

አትክልት ሌላው ጣጣ ነበር። ቢሮዬ ፒያሳ ነው። እስከ 2012 ድረስ አትክልት ተራ ከሥራ ስወጣ በእግር የምደርስበት ቦታ ነበር። ኮሮና ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለአምስት ኪሎ ሽንኩርት ከተማውን አቋርጦ መሄድ ደግሞ የታክሲውን እንኳ አይመልስም። ስለዚህ በግቢያችንና በጎረቤት ያለን አራት ቤቶች ተስማማን። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አንዳችን ሄደን ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ድንቹን በብዛት እናመጣለን። በረንዳ ላይ በሚዛን እንካፈላለን። ጎመኑንና ትናንሹን ነገር ከእሁድ ገበያ እንገዛለን። ዘይት ሸማቾች ሲመጣ እንደዋወላለን። ይህ ብቻውን የቀለቡን ወጪ በግልጽ ቀነሰው።

የምጣዱ ነገር ግን ከዚህም ይበልጣል።

እንጀራ ከሱቅ ነበር የምንገዛው። አንዱ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ብር ነው። በቀን ስምንት ስታደርጉት፣ በወር ስታበዙት ግን ያስደነግጣል። ራሴ ልጋግር ብል ደግሞ ጤፉ ኪሎው ከ100 ብር አልፏል። መብራቱም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ቤት ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ በላተኛ የለም። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ መጨመር ጀምሯል። ብዙ በፈጀን ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል።

ምጣድ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ምጣዱ እስኪግል ድረስ ያለው ጊዜ ባዶ ጊዜ ነው። መብራቱ ይቆጥራል፣ እንጀራ የለም። ከዚያ የመጀመሪያው የምጣድ ማሟሻ ይሆናል፤ ዓይኑ አይወጣም፣ ይነካከሳል። ምጣዱ አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ሠላሳም ብትጋግሩ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እዚያው በራችን ላይ ያሉት ጎረቤታችን እትዬም ይጋግራሉ፣ እኔም ልጋግር ነው። ሁለት ምጣድ፣ ሁለት ጊዜ ማጋል፣ ሁለት ማሟሻ።

ልጠይቃቸው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እውነቴን ነው። ሊጥ ይዞ ሰው ቤት መሄድ «ምጣድ የላትም ወይ?» የሚያሰኝ መሰለኝ። አንድ ሐሙስ ማታ እንደ ምንም አንኳኳሁ። «እትዬ፣ አንድ ቀን አብረን ብንጋግርስ? አንድ ምጣድ ብናሰማ መብራቱንም እንካፈላለን» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ካንቺ በፊት ልነግርሽ አስቤ አፈርኩ» አሉኝ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት አብረን ነን። እሳቸው አብሲቱን እኔ ተምሬ በማልደርስበት ልክ ያውቁበታል፤ ውኃውን አፍልተው ከሊጡ ቀንሰው ሲያገነፉ እጃቸው መጠኑን ያውቀዋል። የእኔ ሊጥ ድሮ አንዳንዴ ይቀጥንብኝ ነበር። ጤፉን ከማኛ ወደ ሰርገኛ ቀየርን። ልጄ የመጀመሪያ ቀን «ጠቆረ» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ረሳችው። ስንጋግር ቡና ይፈላል። ሦስተኛው ሲቀዳ ሰፌዱ ሞልቷል።

ትራንስፖርቱን በአጭሩ ልለፈው። ቤታችን ቀበና ነው። ከነዳጅ ድጎማው መነሳት ጋር ከ2014 ወዲህ የታክሲ ታሪፍ እየጨመረ ነው የመጣው። የቀበናን ዳገት ጠዋት በታክሲ እወጣና ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ እሄዳለሁ። በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ያለው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደስ ይላል። የቤት ኪራይ ላይ የምናደርገው ነገር አልነበረም። በ2016 የወጣው አዋጅ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ስለሚያዝ በየስድስት ወሩ «ጨምሩ ወይም ልቀቁ» ከሚለው ሥጋት ግን ተገላግለናል። ይህም ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ «ሌላ» ልመለስ።

ዓምዱን አንድ በአንድ ስናየው ምኑም ብክነት አይመስልም። የባልደረባ ልጅ ክርስትና። የአለቃ እናት ለቅሶ መዋጮ። ለሠርግ ሚዜ የተሰፋ ጥበብ። ለመልሱ ሌላ። የልጄ ክፍል ውስጥ የሰው ልጅ ልደት፣ ከዚያ የልጄ ልደት፣ ለክፍሉ በሙሉ ኬክ። እንግዳ ሲመጣ በሩጫ የተገዛ ለስላሳ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻይና ማኪያቶ፣ «ኧረ እኔ ነኝ የምከፍለው!» ተብሎ ተጓትቶ የተከፈለ።

ለዚህ ሁሉ በአማርኛ አንድ ስም አለን። ይሉኝታ። «ምን ይሉኛል።» ለአምስት ሰዎች የተከፈለ ማኪያቶ የጥማት ወጪ አይደለም። ጥበቡም የልብስ ወጪ አይደለም። ከኪራይ ቀጥሎ የቤታችን ትልቁ ወጪ ቀለብ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የምከፍለው ለሰው ዓይን ነበር።

እናቴ «እንደ ቤትሽ ኑሪ እንጂ እንደ ጎረቤትሽ አትኑሪ» ስትል ነው ያደግሁት። ተረቱን አውቀዋለሁ። የቸገረኝ ጎረቤቴም እንደ ቤቱ አለመኖሩን አለማወቄ ነው። እኔ እነሱን አይቼ እከፍላለሁ። እነሱ እኔን አይተው ይከፍላሉ።

ፒያሳ ከሥራ በኋላ የምንሰበሰብበት አንድ ቤት አለ። አራት ሴቶች ነን፣ ከኮሌጅ ጀምሮ። ጥቅምት ላይ ሒሳብ ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። የሌላዋም ሄደ። «ሞቼ እገኛለሁ!» «በማርያም ተይ!» አስተናጋጁ ቆሞ ይጠብቃል። እጄን ከቦርሳው መለስኩና «ልጆች፣ እኔ ከዛሬ ጀምሮ የራሴን ብቻ ነው የምከፍለው። አልቻልኩም። እናንተም ለእኔ አትክፈሉ» አልኩ። ድምፄ ተንቀጥቅጧል።

ዝምታው ረዘመ። አንዷ ሳቅ ብላ ነገሩን ልታልፈው ሞከረች። ሌላዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የእሷ ቤት ከእኔ ቤት የባሰ እንደነበር ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የምንገናኘው መንገድ ዳር ጀበና ቡና ከምታፈላ ልጅ ዘንድ ነው፤ ዱካ ላይ ቁጭ ብለን። ሦስተኛዋ ግን ቀረች። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ አለች፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ቀነሰች። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። «የለኝም» ማለት ሰው ያስቀራል።

ሌላም ያጠፋሁት አለ። ቁጠባው ሲይዘኝ ልክ አጣሁ። የሴት ልጄን ምሳ ዕቃ በየቀኑ የሽሮ ፍርፍር አደረግሁት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ምሳ ዕቃዋ ሳይነካ መመለስ ጀመረ። ጓደኞቿ ፊት መክፈት አፍራ፣ «አልራበኝም» እያለች ትውል ነበር። እኔ በአርባ ዓመቴ በሦስት ሳምንት ያንኳኳሁትን በር፣ ልጄ በአሥራ ሁለት ዓመቷ በአንድ ቀን እንድታንኳኳ ነበር የጠበቅሁት። ማታ ደብተሩን አሳየኋት። ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚወጣ፣ ሁሉንም። ዝም ብላ አነበበች። «እማ፣ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለችኝ። በሳምንት ሁለት ቀን እንቁላል ይገባል፣ የቀረውን እሷ ትመርጣለች አልን። አሁን ደማሪዋ እሷ ናት።

ጥር መጣ። ጥር የሠርግ ወር ነው። የአክስቴ ልጅ ታገባለች፣ ዘመዶች አንድ ዓይነት ጥበብ ይለበስ ብለዋል። ዋጋውን ስሰማ ከወር ቀለባችን ይበልጣል። ሁለት ቀን አስቤ አክስቴ ጋ ደወልኩ። «አክስቴ፣ ልብሱን አልችልም። ቅር አይበልሽ። ዋዜማውን ግን መጥቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ሠርጉንም ቆሜ አስተናግዳለሁ።»

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «እግርሽን እንጂ ብርሽን ማን ጠየቀሽ?»

ያለኝን ነጭ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ዋዜማውን ሌሊቱን በሙሉ ሽንኩርት ስንከትፍ አደርን። ከዘመዶቼ ጋር እንደዚያ ሌሊት የተጫወትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ይሉኝታን በጅምላ መጥላት ግን አልችልም፤ ሰውንም አንድ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ከዕድሩ አንድ ብር አልቀነስንም። ባለፈው ክረምት እትዬ ወንድማቸው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሳይጠሩት መጣ። ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ቤታቸውን አልለቀቀም። ያን የሚያመጣውን መዋጮ ከዕቁብ ጋር በአንድ ዓምድ መጻፌ ራሱ ስህተት ሆኖ ታየኝ። ዕቁቡን ግን ቀየርነው። ከባልደረቦቻችን እንዳናንስ ብለን ከአቅማችን በላይ የገባንበትን ዕጣው ሲደርሰን ጨርሰን ወጣን። አሁን የምንጥለው በግቢው የሴቶች ዕቁብ ነው። ትንሽ ናት፣ በሳምንት ናት፣ አታስጨንቅም።

የ2017 ጳጉሜን 2 ማታ እኔና ባለቤቴ እንደገና ሳሎን ቁጭ አልን። ልጄም አብራን ናት። ብሩ ዘንድሮም ጠባብ ነው፤ ዋጋ አልጠበቀንም። ዶሮው አንድ ነው፣ ልብስ የተገዛው ለትንሹ ብቻ ነው። ግን መስከረምን ያደርሰናል።

ልጄ ለ2018 አዲስ ገጽ አሰመረች። መጨረሻው ዓምድ ላይ ስትደርስ «ሌላ ልበል?» አለችኝ። «ተይው፣ ሰው ሰውን ጻፊ» አልኳት። ለማን እንደሆነ ስሙን ማለቴ ነው። አያቷን ጻፈች፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን። እትዬን ጻፈች። አባቷ ጅማ የሚማር ወንድሙን አስጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመችና ከቡና ስለቀረችው ጓደኛዬ ጠየቀችኝ። ዕንቁጣጣሽ ዕለት ዳቦ ልደፋላት አስቤአለሁ አልኳት። የእሷንም ስም ጻፈች፣ ከፊቱ የዱቄቱን ዋጋ።